እህቴ ከቨርጂኒያ ለእማዬ የላከችው ስልክ የኛን ሲም አልቀበል አለ

የመነሻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ደሴ ላለችው እናታችን አይፎን 12 በመንገደኛ ላከች። ስልኩ ንጹሕ ነው፣ አንድ ጭረት የለውም። እኔ አዲስ አበባ ተቀብዬ ወደ ደሴ ለሚወጣ ዘመዳችን አስረከብኩ። እጄ ላይ ሁለት ቀን አድሯል። በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የራሴን ሲም አስገብቼ አለመሞከሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስልኩ ደሴ ሲደርስ እማዬ ሲሟን ከአሮጌው ስልኳ አወጣች። የአይፎኑን የሲም ማስገቢያ የሚከፍተውን መርፌ ማንም አላሰበበትም። በጉትቻዋ ጫፍ ገፍታ ከፈተችው። ሲሙ ለአዲሱ ስልክ ይተልቅ ነበርና ዳርዳሩን በቀስታ ሰብራ ትንሹን አስቀረች። ከዚያ አስገባችው። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የጎረቤት ልጅ ተጠርታ በሌላ ስልክ አነበበችልኝ። ሲም ኖት ሰፖርትድ ይላል።

ሲሙ ደህና ነው። ወደ አሮጌው ስልክ ሲመለስ ይደውላል። አይፎኑም በጎረቤት ዋይፋይ ቪዲዮ ያሳያል። መደወል ብቻ አይችልም። አንዱ ዲኮድ አስደርገው፣ ማንኛውንም ሲም እንዲቀበል ይከፈትልህ ይለኛል፣ ሌላው መልሰህ ላከው ይለኛል። እህቴን ስጠይቃት ስልኩን የስልክ መስመር ኩባንያዋ በነፃ እንደሰጣት ነው የምታውቀው። እማዬ ግን ስልኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እህቴ ስትደውልላት፣ በአሮጌው ስልክ እያናገረቻት፣ አዲሱ በጣም ጥሩ ነው ትላታለች። ልጄ ይከፋታል ብላ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ምን ይሻላል?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው የምላሽ ሰንሰለት፣ ረጅም ነው፣ መሀል ላይም መንገድ ይስታል። ያው ጥያቄ ያለበት ሰው በየሳምንቱ ስለሚጽፍልኝ እያንዳንዱ ምላሽ ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር፣ በቁጥሩ ተራ አስቀምጬዋለሁ።

1. የመጀመሪያው ፈጥኖ የመጣ ነው። ሲሙ እንዲጠረግ፣ ስልኩ ጠፍቶ እንዲበራ፣ ካልሆነም የኔትወርክ ሴቲንጉ ሪሴት እንዲደረግ መከረኝ። ሦስቱንም አድርገን ነበር። ለውጥ የለም።

2. ሁለተኛዋ ረጋ ያለች ናት። ከሁሉ በፊት ችግሩን በዓይን ማየት ይሻላል አለችኝ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ተገብቶ ወደ ታች ሲወረድ ካሪየር ሎክ የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ የሚል ከሆነ ስልኩ ነፃ ነው፣ ማንኛውንም ሲም ይቀበላል። ሲም ሎክድ የሚል ከሆነ ስልኩ ለሸጠው ኩባንያ ብቻ ተቆልፏል። ደሴ ደወልኩ። ያቺው የጎረቤት ልጅ ከፍታ አነበበችልኝ። ሎክድ ይላል። ቢያንስ ስልኩ እንዳልተበላሸ አወቅን።

3. ሦስተኛው ስልክ የሚሸጥ ሰው ይመስላል። ነገሩ ቀላል መሆኑን፣ መገናኛ ይሁን መርካቶ ወስጄ ዲኮድ ባስደርገው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ እንደሚያልቅ ነገረኝ። ከሲሙ ሥር ትንሽ ቺፕ ይደረጋል፣ በቃ ይሠራል ባይ ነው። በጨዋ ደንብ ነው የጻፈው። ልቤ ወደሱ አዘንብሎ ነበር፣ አልዋሽም።

4. አራተኛው ግን ተቆጥቶ ነው የመጣው። የሞባይል ጥገና ባለሙያ ነኝ ብሎ ጀመረና 3 ላይ የተሰጠው ምክር ሰው እያሳሳተ ነው አለ። ቺፕ ማድረግና አንሎክ ማድረግ፣ ማለትም የስልኩን ቁልፍ ራሱን መክፈት፣ ለየቅል ናቸው። ያስረዳበት መንገድ ስለገባኝ እንዳለ ልንገራችሁ።

እያንዳንዱ ሲም ውስጡ መለያ ቁጥር አለው። የቁጥሩ መጀመሪያ አገሩንና ኩባንያውን ይናገራል። የኢትዮጵያ ሲም በ636 ይጀምራል። ቀጥሎ 01 ካለ ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ 02 ካለ ሳፋሪኮም። የተቆለፈ ስልክ ሲም ሲገባለት መጀመሪያ እነዚህን አኃዞች ያነባል። ከተፈቀደለት ኩባንያ ውጭ ከሆኑ በሩን ይዘጋል። አር-ሲም የሚባለው ቺፕ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። በሲሙና በስልኩ መሀል ይተኛና ለስልኩ የውሸት ቁጥር ያሳየዋል። ስልኩ የአሜሪካው ኩባንያ ሲም የገባለት መስሎት ያልፋል። ቁልፉ ግን እንደነበረ ነው። አባውት ውስጥ ገብታችሁ ብታዩት አሁንም ሎክድ ይላል።

ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ስልኩ ሶፍትዌሩን ሲያሻሽል ቺፑ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሲሙ ወጥቶ ሲገባ እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። የሲም ማስገቢያው ላይ ስለሚጨናነቅ አንዳንዴ ያጣብቃል። አዲስ አበባ ላለና ስልክ ለሚያውቅ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ደሴ ላለች፣ ሲሟን በጉትቻ ለምታወጣ እናት ግን አንድ ማለዳ ስልኩ ዝም ቢል ማን ይደርስላታል? እዚህ ላይ እጄን ሰብሰብ አደረግኩ።

5. ሦስተኛው ተመልሶ መጣ። ከፍቶታል። ለዓመታት በዚህ ሥራ እንደኖረ፣ ለደንበኞቹ ቺፕ መሆኑን ሳይነግር ሸጦ እንደማያውቅ ጻፈ። ሁሉም ሰው አሜሪካ ደውሎ አንሎክ የሚያስደርግለት ዘመድ የለውም አለ። ስልኩን ከሦስተኛ፣ ከአራተኛ እጅ የገዛ ሰው ማንን ይጠይቅ? በዚህ በኩል እውነት አለው። የመጀመሪያ ባለቤቱ የማይታወቅ ስልክ ላይ ቺፑ ብቸኛው መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እየነገሩ መሸጥና ደብቆ መሸጥ አንድ አይደሉም።

6. ቺፑን ደብቀው የሸጡለት ሰው ደግሞ ስድስተኛው ነው። ከአንድ ሱቅ ኢንተርናሽናል ነው፣ ማንኛውንም ሲም ይቀበላል ተብሎ አይፎን ገዛ። ስምንት ወር በ09 ሲሙ ሠራበት። አንድ ቀን የ07 መስመር አውጥቶ ሊያስገባ ሲል ስልኩ እምቢ አለ። ማስገቢያውን ስቦ ሲያወጣ ከሲሙ ጀርባ የተለጠፈ ወርቃማ ስስ ነገር አየ። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ መኖሩን አያውቅም ነበር። ወደ ሱቁ ሲመለስ ሱቁ ሌላ ዕቃ ይሸጣል፣ ሰዎቹ የሉም። እሱ አሁን ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሲም ማስገቢያውን ራሱ ያወጣል፣ ከዚያ አባውትን ከፍቶ ያነባል፣ ከዚያ የ09ንም የ07ንም ሲም አስገብቶ በሻጩ ፊት ይደውላል። ሻጩ ቢነጫነጭም ግድ የለውም።

7. ከዳላስ የጻፈው ሰው ሾፌር ነው። እረፍቱ ላይ ሆኖ በስልክ እንደጻፈው ከፊደሎቹ ያስታውቃል። እኔ የገባኝ ያኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሚባለው ስልክ ነፃ አይደለም። የስልኩ ዋጋ ለ24 ወይም ለ36 ወር ይከፋፈላል። በየወሩ ሒሳቡ ላይ ይመጣል፣ በየወሩም ያንኑ ያህል ቅናሽ ይደረጋል። ደንበኛው ስለማይሰማው ነፃ ይመስለዋል። እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ግን ዕዳው አለ፣ በብዙዎቹ ኩባንያዎች ዕዳው እስካለ ቁልፉም አለ።

ዕዳው ካለቀ በኋላም ጥቂት ነገር ይቀራል። ከአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ በመስመሩ ላይ ቢያንስ 60 ቀን እንዲሠራ ይፈልጋል፣ ቲ-ሞባይል በወር ከፋይ መስመር ላይ 40 ቀን። ስልኩ ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ የተመዘገበ መሆን የለበትም። ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግሞ የአካውንቱ ባለቤት ነው። አዲስ አበባ ሆኜ እኔ ብደውል፣ ደሴ ሆና እማዬ ብትደውል፣ የሚሰማን የለም። ስለዚህ እህቴ ስንት ወር እንደቀራት እንድጠይቃት ነገረኝ። ወዲያው ጻፍኩላት። ከ36ቱ 9 ወር ይቀራታል።

8. ስምንተኛው ክሩን አጋለው። ውጭ ያሉ ዘመዶች የማይሠራ ዕቃ እየላኩ ምስጋና ይጠብቃሉ አለ። እሱም ከአጎቱ የተቆለፈ ስልክ ደርሶት ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ ጻፈ። የተጠቀመባቸው ቃላት እዚህ የሚደገሙ አይደሉም።

9. ከሜሪላንድ የመጣው መልስ አሳዘነኝ። ነርስ ረዳት ናት፣ ሌሊት ትሠራለች። ለአባቷ ስልክ የወሰደችው ሁለተኛ መስመር ከፍታ ነው። የማትጠቀምበትን መስመር ወርኃዊ ሒሳብ እየከፈለች። ቁልፍ የሚባል ነገር መኖሩን ሱቁ ውስጥ ማንም አልነገራትም። እንግሊዝኛው በጥቃቅን ፊደል የታተመ የብዙ ገጽ ውል ነበር፣ ፈረመች። አባቷ ስልኩ እንደማይሠራ የነገሯት ከአራት ወር በኋላ ነው። እንደ እማዬ እሳቸውም ደብቀዋት ነበር። 8 ላይ ላለው ሰው የመለሰችለት በለሰለሰ ቃል ነው፤ አጎቱም ሳያውቁ ልከውት ሊሆን እንደሚችል፣ ደውሎ ቢነግራቸው እንደሚሻል።

10. አንድ ጋሽዬ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። 8ኛውን ልጅ ገሠጹት፣ 9ኛዋን ደግሞ መረቁዋት። ከዚያ አንድ ትዝብት ጨመሩ። እኛ አገር ስልክ ከገባበት ከምኒልክ ዘመን አንሥቶ ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ ኦፕሬተር ነበር። ሁለተኛው፣ ሳፋሪኮም፣ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው መስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ ብቻ በነበረበት አገር ስልክን ለአንድ ኩባንያ መቆለፍ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ስልክ ከየትም ቢመጣ ሲም አስገብቶ መደወል የተፈጥሮ ነገር መስሎን ኖረናል። ይህን ሳነብ እኔ ለምን ሳልሞክረው ወደ ደሴ እንደላክሁት ገባኝ። የመሞከር ልማዱ የለንም።

11. አሥራ አንደኛው በሕግ በኩል ገባ። በአሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ስላለ ኩባንያው ዕዳ ቢኖርም ባይኖርም የመክፈት ግዴታ አለበት፣ እህትህ ሕጉን ጠቅሳ ትከራከር አለኝ። ካናዳ ከታኅሣሥ 2017፣ እንግሊዝ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆለፈ ስልክ መሸጥ እንደከለከሉ ጨመረ።

12. አሥራ ሁለተኛዋ እርማት ይዛ መጣች፣ ትንሽም ሹል ነበረች። የካናዳውና የእንግሊዙ ልክ ነው፣ የአሜሪካው ግን ተገላብጧል አለች። ነገሩ የተነሣው ከቅጂ መብት ሕግ ነው። ስልክን ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት እንደ ቅጂ መብት ጥሰት እንዳይቆጠር የሚያደርግ ልዩ ፈቃድ ነበር። ፈቃዱ ለአዳዲስ ስልኮች ጥር 2013 እ.ኤ.አ. ላይ ተቋረጠ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለዋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረመ። በነሐሴ 2014 የተፈረመው ሕግ ያንን ፈቃድ መለሰ። ሰው ስልኩን ቢከፍት ወይም ቢያስከፍት ጥፋተኛ አይሆንም ማለት ነው። ኩባንያው ዕዳ ያለበትን ስልክ ይክፈት አይልም። ኩባንያዎቹ ዋጋው የተከፈለውን ስልክ እንከፍታለን ያሉት በኢንዱስትሪው ማኅበር በኩል በገቡት የራሳቸው ቃል ነው። እህትህን ለማይጠቅም ክርክር አትዳርጋት ብላ ጨረሰች። አሥራ አንደኛው አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

13. ቀጣዩ የ2010 ዓ.ም.ን ምዝገባ አነሣ። ያኔ ኢትዮ ቴሌኮም የስልኮችን መለያ ቁጥር መመዝገብ ጀምሮ፣ ከውጭ የመጣ ስልክ ካልተመዘገበ ኔትወርክ ያጣ ነበር። የኔም ችግር እሱ እንዳይሆን ፈርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ሄጄ እንዳስመዘግብ ጠቆመኝ።

14. ጥገና ባለሙያው፣ የ4 ቁጥሩ ማለት ነው፣ ተመለሰ። አሁን ቁጣው በርዷል። ሰው የሚያምታታቸውን ቁልፎች ለያየልን። ይህን ቁጥር ብቻ አንብቦ የሚወጣ ሰው ቢኖር እንኳ ይበቃዋል እላለሁ።

ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብለን ስንጫን 15 አኃዝ ይመጣል። ይህ አይኤምኢአይ ነው፣ የስልኩ የራሱ መለያ ቁጥር፤ ሲሙ ውስጥ ካለው ሌላ ነው። የ2010ሩ ምዝገባ የሚመለከተው እሱን ነበር፤ እንቢ የሚለው ኔትወርኩ ነው፣ ስልኩ አይደለም። የእኔ ችግር ግን ስልኩ ራሱ ሲሙን አለመቀበሉ ነው። ስልኩ ተሰርቋል ተብሎ ጥቁር መዝገብ ላይ ሲሰፍር ደግሞ የሚታገደው በዚያው መለያ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ ኩባንያው አይከፍተውም። ከሁሉ የሚያስፈራው አይክላውድ፣ ማለትም ባለቤቱ አይፎኑ ላይ የከፈተው አካውንት፣ የሚያመጣው ቁልፍ ነው። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ ከተነሣ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እዚያ ላይ የሲም ቁልፍ መከፈት አለመከፈቱ ምንም አይረዳም፣ ስልኩ አይነሣም። ሰው ግን ሁሉንም ሎክ ነው ብሎ ይጠራቸዋል። ከዚያ አንዱን ለማስከፈት ሄዶ የሌላውን ይከፍላል።

እህቴን ጠየቅኳት። አካውንቷን ስልኩ ላይ እንደተወችው ነገረችኝ። በማግስቱ ከራሷ ስልክ አወጣችው። ባለሙያው ይህን ባይነግረን ኖሮ ሌላ ግድግዳ ይጠብቀን ነበር።

15. ሳምሰንግ ያለው ሰው ጠየቀ። የሱ ስልክ ሲም ሲገባ የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ አምጣ ይለዋል። የአክስቱ ልጅ በግምት እየሞከረለት ነው።

16. ባለሙያው ከ15 ሥር በአጭሩ፣ አሁኑኑ ይቁም አለ። የሙከራው ቁጥር የተወሰነ ነው። ካለቀ ስልኩ ትክክለኛውን ኮድ እንኳ አይቀበልም። ኮዱ የሚገኘው ከኩባንያው፣ በመለያ ቁጥሩ ነው።

17፣ 18፣ 19. እዚህ ጋ ክሩ ጠፋ። ከዱባይ የጻፈችው እህት ኤምሬትስ የተገዛ አይፎን ፌስታይም ላይኖረው እንደሚችል አስታወሰች። ሌላው የጃፓን አይፎን ፎቶ ሲያነሣ ድምፁ እንደማይጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሳፈረው ጻፈ። በዚሁ ላይ ጃፓን ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ መቆለፍን በመርሕ ደረጃ እንዳስቀረች ጠቀሰ፤ ይህ ቁም ነገር ነው፣ ከዚያ በፊት የተሸጡት ብዙ ናቸውና። ሦስተኛው የባትሪ ዋጋ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

20. ሃያኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ከአሜሪካ አዲስ ስልክ የሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል አለ። ከአይፎን 14 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ባለ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ቁልፉ ቢከፈትም እናትህ በእጇ ያለችውን ካርድ የምታስገባበት ቀዳዳ የለም። ወደ ኢሲም ለማዞር አገልግሎት ማዕከል መሄድ ይኖርባታል። ለእናት የሚላክ ከሆነ ቀዳዳ ያለው ይሻላል ባይ ነው። እኔም እንደዚያው ነው የማስበው።

21. አንዱ ተበልቷል። ቴሌግራም ላይ በመለያ ቁጥር ብቻ ከርቀት እንከፍታለን የሚሉ ሰዎች አግኝቶ መጀመሪያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ ከፈለ። ከዚያ ለሰርቨር ተጨማሪ አሉት፣ እሱንም ከፈለ። ቻናሉ በማግስቱ የለም። ገንዘቡ የወንድሙ ነበር።

22. ሃያ ሁለተኛው ጨከነበት። አቋራጭ የፈለገ ሰው ይህ ይገባዋል የሚል ነገር ጻፈ።

23. የሜሪላንዷ ነርስ ረዳት፣ የ9 ቁጥሯ፣ ተከላከለችለት። ትክክለኛውን መንገድ የሚነግረው ሰው ያላገኘ ሁሉ አቋራጭ ፈላጊ አይደለም። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከሷ ጋር ነኝ። እኔም 3 ላይ ካለው በኋላ 4 ባይመጣ ኖሮ ገንዘቤን ይዤ መገናኛ ነበርኩ።

24. ይህኛው የእኔ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ጻፍኩ። እህቴ የቀራትን 9 ወር በአንድ ጊዜ ከፈለች። ቀድማ ስለከፈለች በቀሩት ወራት ይደረግላት የነበረው ቅናሽ ቀረባት። ነፃ የተባለው ስልክ በመጨረሻ ዋጋ አስከፈላት ማለት ነው። እኔ ልካፈል ብል አልሰማ አለችኝ። ከዚያ በኩባንያዋ ድረ ገጽ ገብታ የመክፈቻ ጥያቄውን ሞላች። የተጠየቀችው የስልኩን መለያ ቁጥር ነው። እሱን ደሴ ያለችው ልጅ ከስክሪኑ ላይ ሁለት ሁለት አኃዝ እያለች አነበበችልኝ፣ እኔ ለእህቴ አስተላለፍኩ። አንዷን አኃዝ ተሳስተን የመጀመሪያው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ሁለተኛው ጊዜ እማዬ ራሷ ወረቀት ላይ በቁጥር ጻፈችው፣ ልጅቷ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ቁጥር ማንበብና መጻፍ እማዬ ትችላለች። የባልትና ሒሳቧን የምትይዘው ራሷ ናት።

በሁለተኛው ቀን ኢሜይል መጣ። ተፈቅዷል። ልጅቷ ስልኩን ከዋይፋይ ጋር አገናኘችው። እማዬ ሲሟን ከአሮጌው አውጥታ አስገባችው። ስልኩ ጥቂት አሰበ። ከላይ በቀኝ በኩል የኔትወርኩ መስመሮች አንድ በአንድ ወጡ። አባውት ውስጥ ገብተው ሲያዩት ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ ይላል። ከስልኩ ምንም መደምሰስ አላስፈለገም። ሌላ ሲም በእጁ የሌለው ሰው ግን መረጃውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ፣ መረጃውን እንደገና መመለስ እንደሚኖርበት ባለሙያው በኋላ ከዚህ ሥር ጨምሯል።

እማዬ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ አልነበረም። ቨርጂኒያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴን ቀሰቀሰቻት።

25. ጋሽዬ መረቁን። የእህቴን ስም ባያውቁም በስም የጠሯት ያህል ነው የመረቋት።

26. ስምንተኛው ልጅ ተመለሰ። ለአጎቱ ደውሏል። አጎቱ ስልኩ ተቆልፎ መምጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከሱ ነው። ዕዳው ከሁለት ዓመት በፊት አልቋል። ጥያቄውን ዛሬ ይሞላሉ። ለ9 ቁጥሯም ይቅርታ ጠየቀ፣ አጭር ነበር ግን ጠየቀ።

27. አዲስ ሰው ገባ። ወንድሙ ከዴንቨር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ለሁለት እህቶቻቸው ሁለት ስልክ ይዟል። ምን ብሎ ይጻፍለት?

28. እኔ ነኝ የመለስኩለት። ሻንጣው ሳይዘጋ ዛሬውኑ እንዲጽፍለት፣ የሁለቱንም ስልክ አባውት ገጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ፣ አካውንቱን ከስልኮቹ እንዲያወጣ፣ ማስገቢያ ቀዳዳ መኖሩንም እንዲያይ።

29. ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱን ፎቶ ይዞ መጣ። አንደኛው ነፃ ነው። ሁለተኛው ሎክድ ይላል፣ ሦስት ወር ይቀረዋል። ወንድሙ አንዱን ይዞ ይመጣል። ሌላው ዴንቨር ይቆይና ዕዳው ሲያልቅ ተከፍቶ በሚቀጥለው መንገደኛ ይመጣል። የትኛዋ እህት ትጠብቅ በሚለው ገና አልተስማሙም።